ደርሷል የተባለው ክንዴ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2074 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አጣቢው እንደ ወትሮው ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ የለውም። ሰው እንዲመስለን ብለው ይሁን እኛን ለማናደድ አላውቅም፣ ብቻ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ እህም ይላል።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ወለላ። እንኳን ደስ አለዎት። አዲሱ የደም መንገድዎ ደርሷል። እባክዎ ቀኝ ክንድዎን ያቅርቡ።»

ክንዴን አየሁት። የተቀደድኩት ዓርብ ነው። ከብብቴ እስከ ክርኔ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ስፌቱ ገና አልጠገገም። በጣቴ ጫን ሳደርገው ይሰረጉዳል፣ ጉድጓዱም ቶሎ አይሞላም። እንግዲህ ይህንን ነው ደርሷል የሚለኝ።

«በአንገቴ በኩል እጠበኝ» አልኩት።

«በአንገትዎ ያለው ጊዜያዊ መስመር ተዘግቷል። አዲሱ መንገድ ሲደርስ ጊዜያዊው ይዘጋል። እባክዎ ቀኝ ክንድዎን ያቅርቡ።»

«እሁድ በዚሁ በአንገቴ አይደለም እንዴ ያጠብከኝ?»

«ትክክል ነዎት። እሁድ ፋይልዎ ሆስፒታሉ ጋር ነበር። ትናንት ወደ እኔ ተዛውሯል። እባክዎ ቀኝ ክንድዎን ያቅርቡ።»

«አላቀርብም!»

«እምቢታዎ ተመዝግቧል። አንድ።»

ወለላ ሰይድ እባላለሁ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ስምንት ዓመት ሆናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ለአራት ሰዓት ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ በአጣቢው ማሽን ደሜን እታጠባለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህ ወሬ አይደለም። በእኛ ቅያስ ካሉት አሥራ አንድ ቤቶች አምስቱ አጣቢ አላቸው። ጎረቤት ሰላም የሚባባለው «ዛሬ ቀንሽ ነው ወይስ ነገ?» እየተባባለ ነው። በእጥበት ቀን ሰው ቤት መሄድ ነውር ሆኗል።

እምቢታ ግን ሦስት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ በየጠዋቱ አንድ። ሦስተኛው ሲመዘገብ ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ መጥቶ አጣቢውን ነቅሎ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይወስደዋል። ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ደግሞ ዘጠኝ መቶ ያህል ነው። ሳትታጠብ የሚኖር ሰው ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ ማንም አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም። ከላይኛው ቅያስ አደም የሚባል ሰው ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ነበር።

ታዲያ ክንድሽን ሰጥተሽ አትገላገይም ወይ የሚል አይጠፋም። እንዲህ ነው ነገሩ። ግራ ክንዴ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቴም ከሽፏል። የቀኝ ክንዴ ታችኛው ክፍልም እንደዚሁ። የቀረኝ ይህ ከክርን በላይ ያለው ብቻ ነበር፤ ዶክተር ልዕልና ዓርብ ዕለት ከደም ሥሬ ጋር የሰፋችልኝ ቱቦ እዚያ ነው ያለው። ሰፍታ ስትጨርስ ፊቴ ላይ አጎንብሳ «ወይዘሮ ወለላ፣ ከዚህ በኋላ ክንድ የለዎትም» አለችኝ። «ሦስት ሳምንት ማንም መርፌ እንዳያሳርፍበት። እብጠቱ ይውረድ፣ ሥጋው ቱቦውን ይያዘው። ከዚያ እኔ ራሴ መጥቼ ዳስሼ እሺ ስል ብቻ ነው የሚጀመረው።» ቀድሞ ከተወጋ ቀዳዳው አይከደንም፤ ደሙ በቱቦው ዙሪያ ይፈስሳል፣ ያብጣል፣ ያመረቅዛል፣ በመጨረሻ ቱቦው ተመዝዞ ይጣላል። ይህንን አራት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ሲነገረኝ ይገባኛል።

ባሌ ይማም ነገሩን ሁሉ ከወጥ ቤቱ በር ቆሞ ሰምቶታል። ይማም ደግ ሰው ነው፣ ግን ማሽን ሲያመሰግነው መልሶ የሚያመሰግን ዓይነት ነው።

«ደርሷል ካለ እኮ ደርሷል ነው» አለኝ። «እሱ ያውቃል። አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ክንዱ የኔ ነዋ!»

«እሱማ ያንቺ ነው። ግን አስቢው እስኪ፣ ስንቱን ሰው የሚያጥብ ማሽን ተሳስቶ አንቺ ልትታረሚው?»

አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድም ቀን ሰሃን አልወረወርኩበትም። ማክሰኞ ጠዋት ግን እጄ ወደ ሰሃኑ ሄዶ ነበር።

ለአቤቱታ መስመሩ ደወልኩ። ወጣት ሳለን የትም ቢሮ ብንሄድ «ሲስተም የለም» እየተባልን ነበር የምንመለሰው። ሰልፍ ቆመን፣ ፀሐይ አናታችንን በልቶት፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሲስተም የለም። የጎደለን እሱ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ሲስተም አለ። ሌሊት አለ፣ ቀን አለ፣ በዓል አለ። ልቤን የሚያወልቀው መኖሩ ሆነ።

«የደም መንገድዎ ሁኔታ፦ ደርሷል» አለኝ መስመሩ፣ ማር በተቀባ ድምፅ።

«አልደረሰም። አብጧል። ሐኪሟ ሦስት ሳምንት ብላለች።»

«የሐኪሟ አስተያየት በማስታወሻ ተይዟል። ሁኔታው ግን ደርሷል ነው።»

«መቼ ነው ደርሷል የተባለው?»

«መስከረም 29፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።»

ቀኑን ደግሞ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት፤ ደገመልኝ። እኔ ቀዶ ጥገና የተደረግሁት ጥቅምት 7 ነው።

«ክንዴ ውስጥ ከመግባቱ ከስምንት ቀን በፊት ደረሰ ነው የምትለኝ?»

«ትክክል ነዎት።»

«ይህ አንተን አይገርምህም?»

«ጥያቄው አልገባኝም። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ዶክተር ልዕልናን በስልክ ያገኘኋት ወልድያ በሁለት ቀዶ ጥገና መካከል እጇን ስትታጠብ ነው። ማክሰኞ ወልድያ፣ ረቡዕ ቆቦ፣ ዓርብ ደሴ ናት፤ ለአምስት ከተማ አንዲት ሰው። ስነግራት ድምፅዋ ተቀየረ።

«እንዳይሰጡት! በምንም ዓይነት ክንድዎን እንዳይሰጡት!»

«አልሰጠሁም። ታዲያ ያንን ቃል ቀይሪልኛ።»

«አልችልም ወይዘሮ ወለላ። እኔ የተፈቀደልኝ መቅደድና መስፋት ነው። ማስታወሻ እጽፋለሁ፣ ማስታወሻውን ማንም አያነበውም። ቃሉን መቀየር የሚችለው መጀመሪያ ያስገባው ሰው ብቻ ነው።»

«ማነው ያስገባው?»

ፈልጋ ነገረችኝ። ያስገባው ሐኪም አልነበረም፣ ነርስም አልነበረም። ደሴ ያለው የዕቃ መጋዘን ነው።

ያኔ ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ ደሜ ፈላ። የመንገደኛ አውቶብስ ገና ሹፌር በነበረው ዘመን እኔ መናኸሪያ ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ከስሜ በላይ የጻፍኩት ቃል ቢኖር ደርሷል ነው። መኪናው በበሩ ሲገባ ደርሷል ብዬ እጽፋለሁ። የጫነው ቲማቲም መንገድ ላይ በስብሶ ይሁን ገና ጥሬ ይሁን የኔ ጉዳይ አልነበረም። ቲማቲምም ይደርሳል፣ መኪናም ይደርሳል፣ ጠላም ይደርሳል፣ ለአቅመ አዳም ልጅም ይደርሳል። ሰው ሲሰማ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ይህ አገር ሙሉ የሚያንቀጠቅጠው ሲስተም ግን ለሁሉም አንድ ቃል ሰጥቶ፣ ካርቶን መጋዘን ሲገባ ሥጋዬ በሰለ ብሎ ቁጭ አለ። የእኛው ሰዎች ናቸው የሠሩት እኮ። አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች።

ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛው እምቢታ ተመዘገበ። እግሬ ጫማ አልገባ ብሎ የይማምን ነጠላ ጫማ አጠለቅሁ። ፊቴ ተነፍቷል። ከእሁድ ወዲህ የጠጣሁት ውኃ ሁሉ እላዬ ላይ ነው ያለው፤ ደረጃ ስወርድ ትንፋሽ ያጥረኛል። የመጠጫዬ ብርጭቆ የምጎነጨውን እየቆጠረ «ለዛሬ በቅቶዎታል» ሲለኝ መስኮቱን አልፎ እንዲሄድ አደረግሁት። ይማም ወርዶ አነሳው፣ አልተሰበረም።

«ደሴ እሄዳለሁ» አልኩት።

«በዚህ አቋምሽ?»

«ነገ ጠዋት ሦስተኛው ነው፤ ካልሄድኩ ወይ ክንዴን ወይ ማሽኑን አጣለሁ። የትኛው ይሻልሃል?»

ፎጣና ጃኬት በቦርሳ ይዞ ተከተለኝ። ሹፌር የሌለው አውቶብስ ዳገቱን ሲወጣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር፤ ይማም በየኩርባው «ወለላ፣ ወለላ» እያለ ይቀሰቅሰኛል። ክንዴን ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የሄድኩት፤ ከቆዳው ሥር የደሙ ንዝረት ይሰማኛል። ቢያንስ ቱቦው በሕይወት አለ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ተፈሪ ዓሊ ይባላል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ወረቀት የሚባል በሌለበት ቤት ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ከአራት ፎቅ የሚረዝሙ መደርደሪያዎች መካከል ብቻውን ነው የሚሠራው። ፊቴን ሲያይ ቶሎ ወንበር አመጣልኝ።

«አንተ ነህ መስከረም 29 ደርሷል ያልከው?»

«ብዙ ነገር ደርሷል እላለሁ እትዬ። የቱን?»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት። «ይህንን።»

ተፈሪ ደነገጠ። ክንዴን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና ክንዴን አየ። የቱቦውን ቁጥር ስነግረው ፈልጎ አገኘው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ቱቦ የያዘ ካርቶን፣ ከአዳማ። ደርሷል» አለ፤ ከዚያ ኮራ ብሎ ጨመረ። «እኔ ያልደረሰ ነገር ደርሷል ብዬ አላውቅም። ሳልነካ፣ ሳልቆጥር አልፈርምም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጉድለት አልተገኘብኝም።»

ልጮህበት ነበር የሄድኩት። ነገር ግን ልክ ነው። ካርቶኑ ደርሷል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር። የምጮህበት ሰው ማጣት እንደሚያናድድ ያን ዕለት አወቅሁ።

ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ሲገባው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ያኝከው ጀመር።

«እና አልደረሰም ልበለው?» አለ።

«በለዋ!»

«ካልኩ ጠፋ ማለት ነው። የጠፋ ዕቃ ሰው ክንድ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ...» ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። «ይመለስ ይላል።»

ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ከክንዷ ውስጥ?»

«የት እንዳለ አይለይም አባባ። ይመለስ ነው የሚለው።»

«ሌላ ምን ምን ቃል አለህ?» አልኩት።

«አራት ነው ያለኝ። ደርሷል፣ አልደረሰም፣ ተበላሽቷል፣ በመንገድ ላይ።»

እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ያ ሁሉ ድካሜ ለአፍታ ተነሣልኝ። የስምሪት ሰው እኮ ነኝ። ዘግይቶ የሚመጣ መኪና አለቃ ሲጠይቀኝ አልደረሰም ብዬ አላውቅም፤ በመንገድ ላይ ነው እላለሁ። በመንገድ ላይ ያለ መኪና አልጠፋም፣ አልተበላሸም፣ ማንም ደግሞ ውጣ ውረድ አይለውም። ይጠበቃል።

«በመንገድ ላይ በለው።»

ተፈሪ አሰበ። «አድራሻው ከዚህ ወደ እርስዎ ነው። ገና መድረሻው አልገባም... ውሸት እኮ አይደለም» አለ ራሱን እያሳመነ። «ግን አጓጓዥ ይጠይቀኛል።»

«ወለላ ሰይድ።»

«የሰሌዳ ቁጥር።»

«የመታወቂያዬን ቁጥር ስጠው።»

«የሚደርስበት ቀን።»

እዚህ ላይ ቆምን። ሁለት ቀን ሙሉ የተሟገትኩት ለዚህች ቀን ነው፤ አሁን አንድ የመጋዘን ሰው ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ እኔን ይጠይቀኛል። ብዙ ባራዝመው የአንገቴ ቱቦ በየቀኑ ለትኩሳት በር እንደከፈተ ነው፤ ባሳጥረው ክንዴን በገዛ አፌ አስረከብኩ ማለት ነው። ዶክተር ልዕልናን ቆቦ ደወልንላት። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሰከንድ ያህል ጠፋች፤ ከዚያ ግን ድምፅዋ ረጋ አለ።

«ሦስት ሳምንቱ ጥቅምት 28 ይሞላል፤ ዓርብ ነው፣ ደሴ ነኝ። ያን ቀን ልዳስሰው። ካበጠ እናራዝመዋለን። ቀን ስለሞላ ብቻ የሚጀመር ነገር የለም።»

«ቀኑ ሲደርስ ሲስተሙ ራሱ ደርሷል አይልም?» አልኩት ተፈሪን።

«እኔ ሳልነካው?» አለ፤ ስድብ የሰማ መሰለ። «አይልም!»

ቁልፉን ተጫነ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ነዘረ። የአንገት መስመሬ ተከፍቷል፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቤቴ መታጠብ እችላለሁ። ይማም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለካስ እስካሁን ሲፈራ ነበር፤ ፍርሃቱን ነው ማሽኑ ያውቃል እያለ ሲሸፋፍነው የከረመው። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም።

«በይ ተነሽ እንሂድ» አለኝ።

ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር ያዘኝ።

«ተፈሪ፣ ካርቶኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ነበር አላልክም?»

«አዎ።»

«አሥራ አንዱስ?»

ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። ጣቱ ወደ ታች ሲወርድ ቆይቶ ቆመ። እርሳሱ ከአፉ ወደቀ።

«ስምንቱ ተበላሽቷል ይላሉ» አለ። «እኔ... እኔ ፋብሪካውን ነበር የምሰድበው። የማይረባ ዕቃ ላካችሁብን ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጽፌባቸዋለሁ።»

«እምቢ ያለ ሰው አለ?»

«እርስዎ ብቻ ነዎት እትዬ።»

ስምንት ክንድ። ስምንት ሰው በጠዋት ተነሥቶ እንኳን ደስ አለዎት ሲባል ያበጠ ክንዱን አውጥቶ ሰጥቷል። ሁለት ቀን ሙሉ ለራሴ ብቻ ስናደድ መክረሜ አሳፈረኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም።

«ሦስቱስ?»

«ሦስቱ ገና ደርሷል ላይ ናቸው። አንዱ ሐይቅ ነው፣ ሰኞ የተሰፋ። ሙሄ አበጋዝ ይባላል። የመጀመሪያ እጥበቱ...» ሰዓቱን አየ። «ዛሬ ስምንት ሰዓት።»

ግድግዳው ላይ ስምንት ከአምስት ይላል።

«ሦስቱንም በመንገድ ላይ አድርጋቸው!»

«አጓጓዡ፣ ባለ ክንዱ ማለቴ ነው፣ ራሱ መስማማት አለበት፣ አለዚያ አይቀበለኝም።»

«ቁጥሩን ንገረኝ!»

ይማም ክንዴን ያዘኝ፣ ጤነኛውን። «ወለላ፣ ትንፋሽሽን አታይም? እንሂድ፣ ቤት ሆነሽ ትደውያለሽ።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩና ደወልኩ። አምስት ጊዜ ጠራ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«አባቴ፣ ክንድዎ ማሽኑ ውስጥ ነው?»

«አዎ፣ አሁን አስገባሁት። ምነው?»

«ያውጡት! አሁኑኑ ያውጡት!»

«ኧረ ልጄ፣ ደርሷል ብሎኛል እኮ።»

«የደረሰው ካርቶኑ ነው!»

«የምን ካርቶን?»

ልመልስለት አልኩ፤ ትንፋሼ ተቆረጠ። አፌን ከፍቼ አየር ስፈልግ ይማም ስልኩን ከእጄ መንትፎ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ። «ሙሄ! ወላሂ ክንድህን ትነጠቃለህ! አውጣው ስትባል አውጣው!»

አንድ ነገር ሲንኳኳ ተሰማ፣ አንድ ነገር ወደቀ። ይማም ስልኩን መልሶ ሰጠኝ።

«አወጣሁት» አለኝ ሙሄ። «ግን አንዱ መርፌ ወግቶኛል። ይደማል።»

«በጣትዎ ይያዙት። አጥብቀው አይጫኑት፣ ግን እንዳይለቁት። ሐኪም አሁን እንልካለን።»

«ብቻዬን ነኝ እኮ። እስከ መቼ ነው የምይዘው?»

«ሰው እስኪመጣ ድረስ» አልኩት። ተፈሪ የሁለተኛውን ቁጥር መደወል ጀምሮ ነበር።